የአቶ ኤርካሎ ሜትርና የባዳቾ ደብተር

ባዳቾን በሶዶ ከተማ የሚያውቀው ሰው ሁሉ ስለ እሱ ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛው፣ እሱ የጻፈውን ማመልከቻ ዳኛ ሳያነበው አያልፍም። ሁለተኛው፣ ሲስቅ የታየበት ቀን የለም። ሁለቱም እውነት ነው። ሦስተኛውን ነገር ግን ከዚህ ከተማ ሰው ሰባት ዓመት ሙሉ የምናውቀው ሦስታችን ብቻ ነበርን፤ እሱ ራሱ፣ ባለቤቱ ምሕረትና እኔ።

የባዳቾ ጠረጴዛ ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። እኔ በዚያው ግቢ ሃያ ስድስት ዓመት በጥበቃ ሥራ አገልግያለሁ። ፊደል የቆጠርኩትም በአርባ ዓመቴ፣ ባለጉዳይ በጣለው የማመልከቻ ወረቀት ላይ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀኑን የማሳልፈው እሱ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ስለሆነ፣ አብዛኛውን ያየሁት እንጂ ሰው የነገረኝ አይደለም።

ሰው ለባዳቾ በወላይትኛ ያለቅሳል፤ እሱ በአማርኛ ይጽፈዋል። ከጠበላ ከተማ መሬቷን የተቀማች ሴት ትመጣለች፤ ከአረካ ባጃጁ የተያዘበት ወጣት ይመጣል። ባዳቾ እስክሪብቶውን ከድኖ ያዳምጣል። «ከዚያስ?» ከማለት በቀር አፉን አይከፍትም። ባለጉዳዩ ተናግሮ ሲጨርስ አንድ ቃል ሳይጨምር፣ አንድ ቃል ሳይቀንስ ያሰፍረዋል። ሌሎቹ ጸሐፊዎች የሚጨምሩት «በታላቅ ትሕትና» እና «በእንባ» የሚባል ነገር እሱ ዘንድ የለም።

ዘሩባቤል የመጣው የዛሬ ሰባት ዓመት ነው። ዘሩባቤል ማን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግ ይሆናል፤ በበዓል ቀን ቴሌቪዥን የሚከፍት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የአንድ ባለሀብት ሠርግ መድረክ ሊመራ ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ አረካ መንገድ ላይ መኪናው ፍየል ገጨ። የፍየሏ ባለቤት ለትራፊክ ፖሊስ ከሰሰው፤ ፖሊሱም ሁኔታውን በጽሑፍ አቅርብ አለው። ሰዎች ወደ ባዳቾ ጠረጴዛ አመጡት። ባዳቾ ሰውየውን ከቁም ነገር ሳይቆጥረው፣ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ አዳምጦ ጻፈለት።

ዘሩባቤል ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበው። «ተሽከርካሪው ከአረካ ወደ ሶዶ በመጓዝ ላይ ሳለ፣ ፍየሏም ከቤቷ ወደ ጎረቤት ጎመን በመጓዝ ላይ ሳለች፣ ሁለቱም ለጉዟቸው በቂ ምክንያት ነበራቸው» ይላል። ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። እንባውን በእጅጌው እየጠረገ ደግሞ አነበበና ደግሞ ሳቀ። ባዳቾ ብድግ አለ።

«ስህተት ካለው ይንገሩኝ» አለው። «ሰው ተቸግሮ በሚመጣበት ጠረጴዛ ላይ አይሳቁ።»

ዘሩባቤል ይቅርታ ጠየቀ፤ ሰውየው ክፉ አይደለም። ማታውኑ በሠርጉ ላይ ያችን ፍየል አወራት፤ አዳራሹ ተናጋ። በሳምንቱ ስልክ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ባዳቾ በሰማያዊ ደብተር ላይ ይጽፋል፣ ገጹን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልካል፣ ዘሩባቤል በአፉ ይናገረዋል። ኋላ ላይ በዘሩባቤል በኩል አንድ ዘፋኝ በዘፈኖቹ መካከል የሚያወራውን፣ አንዲት የሬዲዮ አቅራቢም ለጠዋት ፕሮግራሟ የሚሆናትን ያስጽፉት ጀመር። ሁለቱም ስሙን አያውቁም። ዘሩባቤል ያስገባው ቃል አንድ ነበር፤ ለማንም አትናገር። ሰው የሚስቀው እኔ ራሴ ያሰብኩት ሲመስለው ነው፣ ጸሐፊ እንዳለኝ ካወቀ ሳቁ ይሞታል አለው። ባዳቾ ቃሉን ሰጠ። ሁለቱ ልጆቹ የሚማሩትም፣ የቤቱ ጣሪያ የተቀየረውም በዚህ ሥራ ነው።

ጽሑፉን ከመላኩ በፊት ለእኔ ያነብልኛል። የፍርድ ውሳኔ እንደሚያነብ ሰው፣ ድምፁን ሳያነሳና ሳይጥል ያነባል። እያነበበ ዓይኑ ከደብተሩ እየተነሳ ከንፈሬ ላይ ያርፋል። እኔ በሰው ፊት መሳቅ ነውር ነው ተብዬ ያደግሁ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ለምን እንደዚያ እንደሚያየኝ ብጠይቀው «አባባ፣ የእርስዎ ከንፈር ትንሽ ከተነቃነቀ አዲስ አበባ ወንበር ይሰብራል» አለኝ። ከአፉ የሰማሁት ቀልድ ይኸው ነው፤ እሱም ቀልድ መሆኑን አላወቀም።

ምሕረት እንደነገረችኝ በበዓል ቀን ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ሲከፈት ልጆቹ በዘሩባቤል ንግግር ይንከባለላሉ። እሱ ሳቁ ስንት ሰኮንድ እንደቆየ በጣቱ ይቆጥራል። «አባዬ፣ አንተ ግን ለምን አትስቅም?» ይሉታል። ሥራ ላይ መሆኑን ሊነግራቸው አይችልም።

አሁን ስለ አቶ ኤርካሎ ልናገር።

አቶ ኤርካሎ ዕድሜውን በመሬት ልኬታ ሥራ ላይ ሜትር ሲይዝ የኖረ ሰው ነው። በእኛ ሰፈር አሥራ ሁለት ቤት ሆነን ዓመቱን ሙሉ ለጊፋታ በሬ እናጠራቅማለን። ለእኛ ዘመን የሚለወጠው በጊፋታ ነው፤ እንቁጣጣሽ ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ ገደማ ይውላል። ሚስቶቻችን ለቅቤው፣ እኛ ለሥጋው እናስቀምጣለን። በሬው ሲታረድ የሚያከፋፍለው አቶ ኤርካሎ ነው። ሥጋ የሚለካው በሜትር ነው። ሜትሩን በፈላ ውኃና በጨው አጥቦ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጎድኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለክቶ፣ «ሃያ ሁለት ተኩል» ብሎ ይጠራል። ወጣቶቹ አንድ ጊዜ ሚዛን እናምጣ ቢሉት «ሚዛን አጥንትና ሥጋ አይለይም» ብሎ መለሳቸው። ቢላው ትንሽ ከሳተ «ድንበር ተገፍቷል፤ ይመለስ» ይላል። ይህን የሚለው ለቀልድ አይደለም። የሜትሩን ሌላ ጫፍ የምትይዘው ልጁ ሜላት ናት፤ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ይዛለች። አሁን አዲስ አበባ በአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆና ትሠራለች። ለጊፋታ ሳትመጣ የቀረችበት ዓመት አልነበረም።

ባዳቾ ይህን ሰው ጻፈው። ባለፈው ሐምሌ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን አነበበልኝ፤ ከንፈሬም ተነቃነቀ። የአገሩን ስም አላነሳም፣ የሰውየውንም አልጠራም። ሜትሩን፣ ጨውና ውኃውን፣ የተገፋውን ድንበር ግን እንዳለ አስቀመጠው። አንድ ቃል መጨመርም መቀነስም አያውቅማ። የሚጽፈው ለአዲስ አበባ ስለሆነ ሶዶ ላይ ቴሌቪዥን መኖሩን የረሳ ይመስለኛል። እኔም አላስታወስኩትም።

በእንቁጣጣሽ ዕለት አቶ ኤርካሎ ስኳር ሊገዛ ጀማለዲን ሱቅ ገባ። ጀማለዲን ከስልጤ የመጣ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ትልቅ ቴሌቪዥን ስላለ በበዓል ቀን ሰው ይሰበሰብበታል። ዘሩባቤል አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በምናባዊ ሜትር ምናባዊ ጉበት እየለካ «ድንበር ተገፍቷል» ሲል ሱቁ ሁሉ ሳቀ፤ ጀማለዲንም ሳቀ። ከዚያ አንዱ ዞር ብሎ በሩ ላይ የቆመውን ሰው አየ። ጀማለዲን ቴሌቪዥኑን አጠፋና ስኳሩን ዝም ብሎ መዘነ። አቶ ኤርካሎ ስኳሩን ሳይቀበል ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ባዳቾ ጠረጴዛ መጣ። ኮቱን ለብሷል፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ማመልከቻ እንዲጽፍለት ፈለገ፤ ለቴሌቪዥን ጣቢያው፣ በዘሩባቤል ላይ። ባዳቾ እስክሪብቶውን ከድኖ አዳመጠ። አቶ ኤርካሎ በወላይትኛ ቀስ ብሎ ተናገረ፤ ሠላሳ ዓመት የሰው መሬት ለክቶ አንድ ሰው አዛባህ ብሎት እንደማያውቅ፣ አሁን ግን መንገድ ላይ ልጆች አንድ ዓይናቸውን እየጨፈኑ እንደሚያዩት። ባዳቾ ጻፈ። በራሱ ጽሑፍ ላይ የቀረበውን ክስ፣ አንድ ቃል ሳይቀንስ ጻፈ። በማመልከቻ ላይ ሁልጊዜ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ነገሩን ለተከሳሽ ማን እንደነገረው ይታወቃል ወይ? እሱንም ጠየቀ።

«ልጄ ናት» አለ አቶ ኤርካሎ። «እሱን አትጻፍ።»

የባዳቾ እጅ ቆመ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜላት ከሦስት ወር በፊት ዘሩባቤል ሆቴሏ ቢመጣ አብራው ፎቶ ተነስታ ለዘመድ ሁሉ ልካ ነበር። ሜትሩን የሚያውቅ፣ ጫፉን የያዘ፣ ከሰውየውም ጋር የቆመ ሌላ ማን አለ? ልጅቷ በስልክ ብትምል አባቷ አላመናትም። ለጊፋታ እንዳትመጣ ነግሯታል። ወደ እኔም ዞሮ ዘንድሮ ቢላ እንደማይነካ፣ ለማኅበሩ እንዳስታውቅለት አደራ ብሎኝ ሄደ።

ሁለታችን ብቻ ቀረን። ባዳቾ ምን ላድርግ አለኝ። እኔም «የጻፈው እጅህ ነው፤ የሳቀው የእኔ ከንፈር ነው» አልኩት። ከዚህ ሌላ አላልኩም። ያን ቀን አቶ ኤርካሎን ከኋላ ጠርቼ እውነቱን ልነግረው እችል ነበር። የባዳቾን ቃል ማፍረስ የእኔ ሥልጣን አይደለም ብዬ ዝም አልኩ። አራት ቀን ዝም አልኩ፤ እሱም ዝም አለ። ይህን የምጽፈው ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም።

በአምስተኛው ቀን ነገሩን የጨረሰችው ምሕረት ናት። ባዳቾ የምሳ ሳህኑን ሳይነካው ሲመልስላት «ልጅቷ ሰው አገር ቆማ እያለቀሰች እኛ እዚህ ሥጋ ልንበላ ነው?» አለችው። የልጆቹን ትምህርት ሊያነሳ ቢጀምር፣ እሱን እኔም አስቤበታለሁ ብላ ሳህኑን ይዛ ሄደች።

ባዳቾ በመጀመሪያ ለዘሩባቤል ደወለ፤ ሰውየው ሳያውቅ የሰጠሁትን ቃል አላፈርስም አለ። ዘሩባቤል አልተቆጣም። የእሱም እንጀራ በስሙ ላይ መሆኑን አስረዳው፤ ይህን አውቀህ ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። ከተናገርክ በኋላ ግን አልደውልልህም አለው። ባዳቾ ገብቶኛል ብሎ ስልኩን ዘጋ።

በእኛ ዘንድ ተቀያይሞ ጊፋታን መሻገር የለም። ከበሬው መታረድ በፊት ሽማግሌዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የተጣላ ያስታርቃሉ። ያን ዓመት የመጨረሻው ቤት የአቶ ኤርካሎ ነበር። በግቢው ውስጥ አቮካዶው ሥር ሰባት ሰው ሆነን ተቀመጥን። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጸሎት አደረገ። የሽማግሌዎቹ ሐሳብ ሜላትን በስልክ አግኝቶ አባቷን ይቅርታ እንድትጠይቅ ማድረግ ነበር። ልጅቷ ደግሞ ያላደረግሁትን አድርጌያለሁ አልልም ብላ ጸንታለች። ስልኩ ሊደወል ሲል ባዳቾ ተነሳ። ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ይዟል።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ።

ማንም አላመነውም። አንዱ በትህትና፣ ባዳቾ ደግ ሰው መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን ሰው የሚያምነውን ነገር ቢመርጥ ይሻል ነበር አለው። ሌላው ትህትናውን ተወውና «አንተ ቀልድ ከጻፍክ የእኔ በሬ ስብከት ይሰጣል» አለ። አቶ ኤርካሎም ቢሆን ራሱን ነቀነቀ። ልጄን ለማዳን ብለህ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ተቀመጥ አለው።

ባዳቾ አልተቀመጠም። ደብተሩን ከፌስታሉ አውጥቶ ቀኑን ጠቅሶ ማንበብ ጀመረ። እንደ ልማዱ አነበበው፤ ድምፁን ሳያነሳና ሳይጥል። በቴሌቪዥን ሲነገር ሱቅ ሙሉ ሰው ያሳቀው ነገር በዚያ ግቢ አንድ ጥርስ አላሳየም። «ይኸው፣ አያስቅም» አለ ያ በሬዬ ስብከት ይሰጣል ያለው ባለ በሬ። ለእሱ ይህ በቂ ማስረጃ ነበር።

እኔ ተነሳሁ። ባለፈው ሐምሌ ይህንኑ ጽሑፍ ሲያነብልኝ ከንፈሬ ተነቃንቋል አልኩ። እዚያ የተቀመጡት ሰዎች ከአርባ ዓመት በላይ ያውቁኛል። ከዚያ በኋላ ባዳቾን የሚጠራጠር አልነበረም። አቶ ኤርካሎ ግን ፊቱ ጠቆረ። ወዳጆቼ የሚላቸው ሁለት ሰዎች ሐምሌ ላይ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው እሱን ሲያነቡት እንደነበር ገባው።

«ቴሌቪዥኑ ያላለው ትንሽ ቀርቷል» አለ ባዳቾ።

«ጨርሰዋ» አለው አቶ ኤርካሎ። «የተረፈኝ ነገር ካለ እሱንም ውሰድ።»

ባዳቾ ገጹን ገለበጠና እንዲህ አነበበ። «ሥጋው አሥራ ሁለት መደብ ከሆነ በኋላ አሥራ አንዱ ሰው ዕጣ ይጥላል። ለኪው ዕጣ አይጥልም፤ የእሱ መደብ በዳር ያለችው ናት። የዳሯ መደብ ሁልጊዜ አጥንቷ ይበዛል፤ ለሌላው ሲሞላ የሚጎድለው ከእሷ ነውና። ይህ ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ የሰውን ሥጋ ለክቷል። የራሱን ግን አንድ ቀን ለክቶ አያውቅም።»

አንዳንዶቻችን አንገታችንን ደፋን። አቶ ኤርካሎ የዳሯን መደብ ለራሱ ሲያስቀር የለኪ ድርሻ ነው ብለን ነበር የምናልፈው። እንዲያውም ደህና ደህናውን መርጦ ያስቀራል ብለው ያሙት ነበሩ። ከሚያሙት አንዱ ባለ በሬው ነበር።

አቶ ኤርካሎ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ይህን ማን ነገረህ?»

«ማንም። የዛሬ ሦስት ዓመት የእኔና የእርስዎ ዘንቢል ተቀያይሮ የእርስዎ ሥጋ ቤቴ ገባ። ምሕረት ስትከፍተው አጥንት ነው።»

«ያን ዘንቢል ሳይከፈት መልሰህልኝ አልነበር?»

«መልሻለሁ። ሳይከፈት የተመለሰ አስመስዬ።»

አቶ ኤርካሎ ዘሩባቤል ይህን ቦታ ለምን እንዳላነበበው ጠየቀ። ባዳቾ ሰዓት አልበቃም እንዳሉት፣ ደግሞም ሳቅ የለበትም እንዳሉት ነገረው። አቶ ኤርካሎ ደግመህ አንብበው አለ፤ ባዳቾም ደገመው። ሲጨርስ አቶ ኤርካሎ ስልኩን ከኪሱ አወጣና ለልጁ ደወለ። ይቅርታ የሚል ቃል አልተናገረም፤ በእኛ ዘመን አባት ይህን ለልጁ የሚልበት አፍ አልነበረውም። ጠዋት የመጀመሪያው መኪና በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠየቃት። ከዚያ «ሜትሩን አጥቤዋለሁ፤ ጫፉን የሚይዝ የለም» አላት። ከወዲያ በኩል ልጅቷ ስታለቅስ ሁላችንም ሰማን። ስልኩን ዘጋና ለባዳቾ እጁን ዘረጋ።

ማመልከቻውን ግን አልቀደደውም። በማግስቱ ጠረጴዛው ጋ መጥቶ «ያልተነበበውም ይነበብ» የሚል መስመር አስጨምሮ በፖስታ ቤት ላከው። መልስ አልመጣም። ዘሩባቤልም እንዳለው አድርጓል፤ ይህን እስከምጽፍበት ቀን ድረስ አልደወለም። በእሱ በኩል የነበሩት ዘፋኙና የሬዲዮዋ ሴትም ቀሩ። የባዳቾ ታላቋ ልጅ ከግል ኮሌጅ ወጥታ ለአንድ ዓመት ትምህርቷን አቋርጣለች። ምሕረት በገበያ ቀን ቅቤ መነገድ ጀምራለች። ይህን ለማሳዘን አልጻፍኩትም፤ የሆነው ይህ ስለሆነ ነው። ባዳቾ በሰማያዊው ደብተር ላይ መጻፉን አልተወም፤ ለማን እንደሚጽፍ ጠይቄው አላውቅም።

በሬው የታረደ ዕለት ሜላት መጣች። ሻንጣዋን እንኳ ቤት ሳታስገባ አባቷ የሜትሩን ጫፍ ሰጥቷት «ያዢ» አላት። ያዘች። ጎድኑ ተለካ፣ ሻኛው ተለካ፣ ጉበቱ ተለካ። ቢላው አንድ ጊዜ ሳተ። አቶ ኤርካሎ ዞር ዞር ብሎ አየን፤ ምን እንደምንጠብቅ አውቋል። ቀና ብሎ ቆመና እንደ ድሮው፣ በሥራ ድምፁ «ድንበር ተገፍቷል፤ ይመለስ» አለ። ሜላት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መደቡ ካለቀ በኋላ ክርክር ተነሳ። አሥራ አንዳችን ተባብረን ዘንድሮ ለኪውም ዕጣ ይጣል አልን። አቶ ኤርካሎ እምቢ አለ። ሃያ ዓመት የቆየ ሥርዓት በአንድ ደብተር አበላሸኸው ብሎ ባዳቾን ተቆጣው፤ የምሩን ነበር። በመጨረሻ ተሸነፈና ከኪሱ ከድሮ ሥራው የቀረች የመሬት መለኪያ ችካል አውጥቶ ሰጠ። እኔ ቁልፌን፣ ባዳቾ የእስክሪብቶውን ክዳን፣ ሌላውም የየራሱን አዋጣ። ዕቃው የማን እንደሆነ እንዳታይ ጀርባዋን ሰጥታ የቆመች የጎረቤት ልጅ ዕቃዎቹን ተቀብላ አንድ በአንድ መደቦቹ ላይ አኖረች።

ችካሏ ያረፈችው የዳሯ መደብ ላይ ነው።

መጀመሪያ ያየው ባለ በሬው ነው፤ ሳቁን መያዝ አቅቶት ተቀመጠ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሜላት፣ ከዚያ ሁሉም። አቶ ኤርካሎ አጥንቱን ጎንበስ ብሎ አየ፣ ችካሉን አየ፣ ሜትሩን እንደያዘ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አቶ ኤርካሎ በራሱ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ባዳቾ አልሳቀም። ከሰው ሁሉ መካከል ቆሞ ከንፈሬን ያይ ነበር።